ከሬዲዮ የወጣው ባላንጣዬ

መቼስ ባላንጣ የሌለው ሰው የለም። የአንዱ ባላንጣ መኪና አለው፣ የአንዱ የመንግሥት ወንበር አለው፣ የአንዱ ደግሞ ቁመቱ በር ላይ ያስጎነብሰዋል። (ጋምቤላ ውስጥ ረጅሙን ሁሉ ባላንጣ ካደረጋችሁ ግን ከማን ጋር ሻይ ልትጠጡ ነው?) የእኔ ባላንጣ ከእነዚህ ከአንዱም አይደለም። የወለድኩት እኔ ራሴ ነኝ። ስም ያወጣሁለት እኔ፣ ሥራ ያስያዝኩት እኔ፣ ደፋር ያደረግኩት እኔ። ውለታዬን በምን መለሰ? አጎቱን አስቀድሞ፣ ላም አስጭኖ፣ እኔ ስንት ጊዜ በዓይኔ ብቻ ስጠብቃት የኖርኩትን ልጅ ከአባቷ ሊጠይቅ መጣ። እናንተ ሳቁ፤ እኔ ግን ያን ሳምንት ሳቅ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። መብራት ሲኖር ኮፒ አደርጋለሁ፣ መብራት ሲጠፋ እጽፋለሁ። የጋምቤላን መብራት የሚያውቅ ሰው ብዙ እንደጻፍኩ አይጠራጠርም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ነው የከተማችን ሬዲዮ የሐሙስ ተከታታይ ድራማ ደራሲ የሆንኩት። ክፍያው ምስጋና ነው፤ እሱም በሰዓቱ አይከፈልም።

ድራማው ቀላል ነው። ጋትሉዋክ የሚባል፣ በባሮ ላይ ሰው በጀልባ የሚያሻግር የኑዌር ወጣት አለ። ኛቦል የምትባል ልጅ ይወዳል። እሷም ትወደዋለች፤ ግን አትናገርም፤ ከተናገረችማ ድራማው በሦስተኛው ሳምንት ያልቅብኝ ነበር። ጋትሉዋክን ሆኜ የምናገረው እኔው ነኝ፤ ድምፄን ወፈር፣ ንግግሬን ዝግ አድርጌ። ኛቦልን ሆና የምትናገረው ደግሞ ኛማል ናት።

ኛማል አየር ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ የምትመዝን ልጅ ናት። ባለሥልጣን ይሁን ነጋዴ፣ ኪሎው ካለፈ አለፈ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ "ለመሆኑ አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" ብሎ ሊያስፈራራት ሞከረ። እሷ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ወሰደችው። የአባቷን፣ የአያቷን፣ የቅድመ አያቷን፣ ከዚያም ወዲያ ያሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ጠራችለትና "ሻንጣው ግን አሁንም ከባድ ነው" አለችው። ወረፋ ላይ ቆሜ ነበር፤ የዚያን ቀን ነው ያለቀልኝ።

ስቱዲዮ የምንለው አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ማይክራፎኑ አንድ ነው። ማራገቢያው ስለሚጮህ በቀረጻ ሰዓት ይጠፋል። እንግዲህ በጋምቤላ ሙቀት፣ ማራገቢያ ጠፍቶ፣ ከምትወዷት ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ቆማችሁ ስለ ፍቅር መናገር ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። ላቤ ወረቀቱ ላይ እየተንጠባጠበ "ከአንቺ ቤት በቀር ሌላ ቤት አላንኳኳም" እላለሁ። እሷም ቀና ብላ ታየኛለች። ቀረጻው ያልቃል፣ ማራገቢያው ይበራል፣ ጀግንነቴ ይጠፋል። ከዚያ ስለ ሙቀቱ እናወራለን። "ዛሬ ደግሞ ባሰበት" እላለሁ፤ "በጣም" ትላለች። ስለ ሙቀት ያወራነውን ሩቡን ያህል ስለ ፍቅር ብናወራ ኖሮ ይሄኔ ልጅ ትምህርት ቤት እናደርስ ነበር።

ለምን አልተናገርክም አትበሉኝ። ኑዌር ብቻውን አያገባም። ልጁ ሲደርስ አጎት ከወዲህ፣ አጎት ከወዲያ ከብት ያዋጡና ጠያቂ ሆነው ይሄዳሉ። አጎት የሌለው ሰው መንገድ ላይ እንደተገኘ ሰው ነው የሚታየው። እኔ ደግሞ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። አባቴ ከወሎ መጥቶ አቦቦ አካባቢ በቆሎውን እያረሰ አለ፤ ከሱ ሌላ "የእኔ ነው" የምለው ዘመድ የለኝም። ምን ይዤ የኛማልን አባት ደጅ ላንኳኳ? ስለዚህ ፈሪነቴን በአጎት እጦት ሸፍኜ ተቀመጥኩ።

ጥፋቱ የመጣው በአያቶች በኩል ነው። ጋትሉዋክ የኛቦል አባት ፊት የሚቀርብበትን ክፍል ጽፌ ስሰጣት፣ ኛማል ማንበቧን አቆመች።

"አባትየው 'የማን ልጅ ነህ?' ሲለው 'የባሮ ልጅ ነኝ' ይላል?"

"አዎ። አላማረም?"

"ይሄ ዘፈን ነው። አባቴ እንዲህ ላለው ልጅ ውሃም አይሰጥ። አያቶቹን ይቁጠር።"

አያት ከየት ይምጣ? እንዳጋጣሚ ከኢታንግ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ኑዌር ለኑዌር ሲገናኝ አያት እየጠራ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዱ አያት ላይ ሲገጣጠሙ በቃ ዘመድ ናቸው፣ ጨዋታው ይደራል። የአንደኛው ሰውዬ አያቶች እንደ ዜማ ጆሮዬ ላይ ቀርተው ነበር። እንዳሉ አንስቼ ለጋትሉዋክ ሰጠሁት። የሰው በግ የወሰደ ሌባ ይባላል፣ የሰው አያት የወሰደ ግን ደራሲ ነው ብዬ። አባቱን ደግሞ አድማጭ እንዲያዝንልኝ፣ ጦርነት ሲመጣ ድንበር ተሻግሮ በዚያው የቀረ ሰው አደረግኩት። ጋትሉዋክም "ከብት የለኝም፣ አጎት የለኝም" ብሎ አለቀሰ። በእርግጥ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሐሙስ ማግስት ጀምሮ ከተማው ጋትሉዋክን እንደ ጎረቤቱ ልጅ ያዘው። ዓሣ የሚሸጡት ሴቶች "ያ ልጅ ከብት አገኘ ወይ?" ይሉኛል። ባለባጃጁ መሃል መንገድ ላይ አቁሞኝ "ንገረው እንጂ፣ በቃ ይጠይቃት፤ እኛ እኮ አልቻልንም!" ይላል። አንዲት እናት ማንጎ በፌስታል ይዘው መጡና "ለጋትሉዋክ ስጥልኝ፤ ባለፈው ሲያስለው ነበር" አሉኝ። ያሳለኝ እኔን ነው፤ ስቱዲዮው አቧራ ነው። ማንጎውንም የበላሁት እኔው ነኝ። አየር ማረፊያ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ኛማልን "አንቺ ኛቦል፣ እሺ በይው እንጂ!" እያለ በዚያው ከባድ ሻንጣ ሊያሳልፍ ይሞክራል። አይሳካለትም።

እኔም ሆዬ ደረቴን ነፋሁ። ድርሰት ማለት ይኼ ነው አልኩ። አይ እኔ!

ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ አይሱዙ ሱቄ ፊት ለፊት ቆመ። ከጋቢናው ግንባራቸው እንደ ጥንቱ ወግ በመስመር የተተለተለ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ወረዱ። ከኋላው ጭነት ላይ አንዲት ቀይ ላም ሱቄን አሻግራ ታያለች።

"ማሌ" አሉኝ ሽማግሌው።

"ማሌ" አልኩ። የኑዌርን ሰላምታ ጋምቤላ ውስጥ የማያውቅ የለም።

"የሬዲዮውን ጨዋታ የምትጽፍ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ አባቴ።"

"ጋትሉዋክን ታውቀዋለህ?"

ይህን ጥያቄ እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትመልሱታላችሁ? "በደንብ" አልኩ። ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

የሽማግሌው ዓይን ውሃ ሞላ። "እኔ ቱት እባላለሁ። ከማታር መጣሁ። የአባቱ ወንድም ነኝ። ወንድሜ ጦርነት ጊዜ ሄደ፣ አልመጣም። ልጅ እንዳለው አላወቅንም ነበር።"

እዚህ ላይ "አባቴ፣ ጋትሉዋክ የሚባል ሰው የለም፤ ድራማ ነው" ማለት ነበረብኝ። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን እነዚያን ዓይኖች እያየሁ ዓረፍተ ነገሯ ቀረችና በምትኳ ሌላ ወጣ፤ "አሁን የለም፤ ለሥራ ወደ ደጋ ሄዷል።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ። አንዴ ወጣ።

"አነጋገሩን ሰማሁት" አሉ ጋሽ ቱት ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ወንዝ ላይ እንዳደገ ሰው አይናገርም። ንግግሩ የደገኛ ነው። ምስኪን! ሰው አጥቶ ደገኛ መሃል አደገ።" መጥፎ ተዋናይ መሆኔ እንኳ ማስረጃ ሆኖ አረፈው።

"ላሟስ?" አልኩ።

"ልጁ አጎት የለኝም ብሎ በሬዲዮ ሲያለቅስ ሰማሁ። እኔ ቁጭ ብዬ? ላሟ መጀመሪያ ናት፤ ሌላው ዘመድ ይከተላል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የልጅቷ አባት ጋ እንሄዳለን። መንገድ ላይ ጠየቅን፤ ኛቦል ማለት አየር ማረፊያ ሻንጣ የምትመዝነዋ ናት አሉን። አባቷን ቾልን አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ሰው ነው።"

"ጋትሉዋክ ሳይመጣ?"

"ሙሽራ ምን ይሠራል? የምንጠይቅ እኛ ነን። ሙሽራ ካወራ ነገር ያበላሻል።"

ላሟን የጫነው ሾፌር፣ የጋሽ ቱት የሌላ ወንድም ልጅ ኮንግ፣ ከመኪናው ወርዶ እንስሳዋን ሱቄ ፊት ያለው የኒም ዛፍ ሥር አሰራት። ቁመቱን አየሁት፤ ትከሻውን አየሁት፤ ፊቴን አዞርኩ። እስከ ማታ ላሟ አንድ ሪም ወረቀትና የአንድ ደንበኛ የልደት ካርድ ኮፒ በላችብኝ። ደንበኛው ዋናው ስላልተበላ ይቅር ብሎኛል።

ወሬ ጋምቤላ ውስጥ ባጃጅ አይጠብቅም። በማግስቱ ኛማል ሱቄ መጣች። ላሟን አየች፣ እኔን አየች።

"እሁድ ሊጠይቁኝ ነው አሉ" አለች።

"እኔም ሰማሁ።"

"አንተ ስለዚህ ነገር የምትለው የለህም?"

ምን ነበር የምላት? ስንት ገጽ ፍቅር የጻፍኩ ሰው፣ ጋትሉዋክን በጨረቃ ሳይቀር ያስማልኩ ሰው፣ አፌን ከፈትኩና "ዛሬ ሙቀቱ..." አልኩ። ልጅቷ አላስጨረሰችኝም፤ ዞራ ሄደች። ላሟ እንኳ የታዘበችኝ መሰለኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ደግሞ እስኪደርስ አልጠበቅኩም፤ ሄጄ ተቀበልኩት። ምን ብዬ አሰብኩ መሰላችሁ? ባላንጣዬ የተወለደው በእኔ እጅ ነው፤ እንግዲያ በእኔው እጅ ይሙት። ጋትሉዋክ ከሞተ ሠርግ የለም። ሠርግ ከሌለ ጋሽ ቱት ላማቸውን ጭነው ይመለሳሉ፤ እኔም ጊዜ አገኛለሁ። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ማለት ይሄ ነው። ረቡዕ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጽሑፉ ሳይስተጓጎል አለቀ። ጋትሉዋክ በማዕበል መሃል አንዲት እናት ሊያሻግር ሲል ባሮ ወሰደው። ጥሩ አሟሟት ነው የሰጠሁት፤ ቂም እንዳይኖረው ብዬ።

ሐሙስ ስቱዲዮ ገባን። ኛማል ወረቀቱን እዚያው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያነበበችው። የሞቱን ዜና ስትሰማ ኛቦል ታለቅሳለች ይላል ጽሑፉ። አለቀሰች። ጽሑፉ ካለቀም በኋላ አለቀሰች። ቴክኒሻኑ መቅጃውን ማጥፋት ረስቶ እሱም አፍንጫውን ይጠርጋል። ማራገቢያው በራ።

"ለምን ገደልከው?" አለችኝ።

"ታሪኩ ጠየቀ" አልኩ፤ ደራሲዎች የሚሉት ነገር ነው።

"ታሪኩ ምንም አልጠየቀም። አንተ ነህ መጠየቅ ያቃተህ። እሱ ሌላው ቢቀር ሽማግሌ ልኮ ነበር" አለችና ወጣች። ያን ቀን ስለ ሙቀቱም ሳናወራ ተለያየን። እንዲህ የከፋኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

አርብ ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስመጣ ደጄ በሰው ተሞልቷል። ዓሣ ሻጮቹ አሉ፣ ባለባጃጁ አለ፣ ማንጎ ያመጡት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ጋሽ ቱት የኒሙ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ናቸው። ሰው እየመጣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላቸዋል። ለእኔም አሉኝ። እኔም "አሜን" አልኩ፤ ምን ልበል?

ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ጋ ደረስኩና በመጨረሻ ያቺን ዓረፍተ ነገር አወጣኋት። "ጋሼ ቱት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋትሉዋክን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።"

"ፈጣሪ አንድ ነው" አሉ፤ ለለቀስተኞቹ ቦታ እንድለቅም በእጃቸው ጠቆሙኝ።

"እሺ፣ እንግዲህ እሁድ... ቀረ አይደል?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ለምን ይቀራል? ልጁ ያለ ልጅ ሞተ። ስሙ ይጥፋ? በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት፣ በስሙ ሚስት እናገባለታለን። ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ቤቱን ይዞ ይቆምለታል። የሚወለደው ልጅ በሟቹ ይጠራል። ኮንግ ይቆምለታል።"

ኮንግ አይሱዙውን ተደግፎ ቆሟል። ልብ በሉልኝ፤ እኔ ሰውዬውን የገደልኩት ሠርጉን ላስቀር ብዬ ነው። ለካ እነሱ ዘንድ ሞት ሠርግ አያስቀርም! ትናንት ባላንጣዬ የወረቀት ሰው ነበር፤ ዛሬ መንጃ ፈቃድ ያለው፣ ጤነኛ፣ ከእኔ አንድ ክንድ የሚረዝም ሰው ተካሁበት። ቦታ የለቀቅኩት እኔ ነኝ፣ ወንበር ያቀረብኩትም እኔ ነኝ።

ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የጋሽ ቾል ግቢ በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። እግሬ ነው ያመጣኝ፤ እኔ አላማከርኩትም። ጋሽ ቾል፣ የኛማል አባት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ከረቫታቸውን ገና አላወለቁም። ማንጎው ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ለስላሳ ቀርቧል። ኛማል የቤቱ ደፍ ላይ ቆማለች። ጋሽ ቱትና ኮንግ ተቀምጠዋል። ላሟ ከአጥሩ ውጭ ታስራለች።

"ቱት፣ አከብርሃለሁ" ይላሉ ጋሽ ቾል። "ባህሉንም አውቃለሁ፤ አባቴ አስተምሮኛል። ግን እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ፓስተሩ 'ሙሽራው የት አለ?' ሲለኝ ምን ልበለው? 'ሐሙስ ማታ ሬዲዮ ውስጥ ሰጠመ' ልበለው?"

"ኮንግ ይቆማል አልኩህ።"

ኮንግ ለስላሳውን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። በሩን ገፋ አድርጌ ገባሁ። ሁሉም ዞር አሉ።

"ምን ፈለግህ ልጄ?" አሉኝ ጋሽ ቾል። "ኮፒው ደረሰ?"

ለቤተ ክርስቲያኑ መዝሙር ኮፒ የማደርግላቸው እኔ ነኝ። "አይ... ኮፒው... እኔ እንኳ..." አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። እንግዲህ ለዚህ ነው የመጣሁት? ኛማልን አየኋት። ዓይኗ እንዳበጠ ነው። ከዚያ የሆነውን ራሴም አልገባኝም። አፌን ስከፍት የወጣው የእኔ ድምፅ አልነበረም። ወፍራም፣ ዝግ ያለ፣ ምንም የማይፈራ ድምፅ ነው።

"አባቴ፣ ከብት የለኝም። አጎት የለኝም። ግን ከዚህ ቤት በቀር ሌላ ቤት አላንኳኳም" አለ ጋትሉዋክ በእኔ አፍ።

ጋሽ ቱት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሰሙት። ቀስ ብለው ተነሱ። "እሱ ነው" አሉ። "አልሞተም።"

"ቱት!" አሉ ጋሽ ቾል። "ድራማ ነው እኮ! ይሄ ልጅ ነው የሚያወራው!"

"አውቃለሁ።" ጋሽ ቱት ዓይናቸውን ገለጡ። "ኢታንግ ስንደርስ አንዲት ሴት ድራማ ነው አለችኝ። ኮንግ እንመለስ አለ። እኔ እምቢ አልኩ። ቾል፣ ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ ስሙን የሚጠራ ሰው አልነበረም። እናቴ እያለች ትጠራው ነበር፤ እሷም ሞተች። እኔ ብቻዬን ስጠራው ድምፄ ያስፈራኛል። ድንገት ሬዲዮ ስከፍት የአባቶቼን ስም በቅደም ተከተል፣ አንድ ሳይዘል፣ የሚጠራ ልጅ ሰማሁ። ከየት አመጣው?"

"ከሚኒባስ" አልኩ፤ ወደ ራሴ ቀጭን ድምፅ ተመልሻለሁ። "አንድ ሰውዬ ሲናገሩ ሰምቼ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።"

"የአጎቴ ልጅ ይሆናል። እሱ መኪና ላይ ወሬ ይወዳል።" ፈገግ አሉ። "መጣሁ፣ አየሁህ፣ ስትዋሽ አየሁህ። ቆይ፣ የት እንደሚደርስ ልየው አልኩ። ከዚያ ሐሙስ ልጅቷ ስታለቅስ ሰማሁ። ያ ልቅሶ ድራማ አይደለም። ሴት ልጅ ለወረቀት እንዲህ አታለቅስም። እኔ ወደዚህ የመጣሁት ባለ ድምፁ ሰውዬ ራሱ ይምጣ ብዬ ነው። ዛሬ ባይመጣ ላሟን ይዤ ልሄድ ነበር።" ወደ ኮንግ ጠቆሙ። "ይሄ የሚወዳት ልጅ ኢታንግ አለችው። ሦስት ቀን ነው ሲያኮርፈኝ።"

ኮንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ጥርሱ ያምራል፤ አሁን ይህን ማመን ምንም አይጎዳኝም።

ጋሽ ቾል ከረቫታቸውን አላላ አደረጉና ወደ ቤቱ ደፍ ዞሩ። "ኛማል፣ አንቺ ምን ትያለሽ?"

"አባ፣ ይሄ ሰው ስንት ጊዜ በሌላ ሰው ስም ሲያወራኝ ኖረ" አለች፤ ለእሳቸው ትመልሳለች፣ የምታየው ግን እኔን ነው። "በራሱ ስም አንድ ነገር ይበል። ከዚያ እመልሳለሁ።"

በራስ ድምፅ መናገር እንዴት ከባድ ነው እናንተዬ! ጋትሉዋክን በልቤ ጠራሁት፤ የለም። ትቶኝ ሄዷል። ላቤ ይወርዳል።

"ኛማል" አልኩ፤ ድምፄ ተሰንጥቆ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸ። "ፈሪ ነኝ። እወድሻለሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወድሻለሁ። ይኸው።"

ማንም አላጨበጨበም። ጨረቃም አልነበረችም፤ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ነው። ኛማል ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ቤት ገባች። አለቀልኝ አልኩ። ወዲያው አንድ የፕላስቲክ ወንበር ይዛ ወጣችና ከአባቷ ፊት ለፊት አኖረችው።

"ተቀመጥ" አለችኝ። "ቆመህ ቀረህ እኮ።"

ተቀመጥኩ። እግሬም ቢሆን ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ጋሽ ቾል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እሺ አላልኩም" አሉ። "እምቢም አላልኩም። የቤተ ክርስቲያኑ ነገር አለ፣ የዘመዱ ነገር አለ፤ ረጅም ንግግር ነው። ልጅ ግን ብቻውን አያወራም። አባትህን ጥራ።"

ስልኬን አወጣሁ። አባቴ ስልክ ሲያነሳ ማሳው ዳር ያለውን ሰው እንደሚጠራ ስለሚጮህ ድምፁ ለሁሉም ይሰማል። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ።

"ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። እሷንም ይባርክልኝ" አለ። "ግን ሽማግሌ ብቻውን ይላካል እንዴ? በአገሬ ቢሆን ወንድሞቼን አስከትዬ እመጣ ነበር። እነሱን በዚያ ክፉ ቀን ቀብሬ እንደመጣሁ ታውቃለህ። እዚህ አገር ማን አለኝ? ብቻዬን መጥቼ አንገቴን ደፍቼ ላዋርድህ?"

እንባዬ መጣ። ጋሽ ቱት ረጅም እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

"ማሌ!" ብለው ጮኹ፤ እሳቸውም እንደ አባቴ ናቸው፣ ስልክ በጩኸት ነው የሚሄደው ብለው ያምናሉ። "ቱት እባላለሁ! የማታር ሰው! የልጁ አጎት ነኝ!"

"አጎት?" አለ አባቴ ግራ ተጋብቶ። "በእናቱ በኩል?"

ጋሽ ቱት አዩኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ስልኩ መለሱ። "አይደለም" አሉ። "በአንተ በኩል።"

ከወዲያ ነፋሱ በቆሎውን ሲያንኮሻኩሸው ይሰማናል። ጋሽ ቾል ከረቫታቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ኛማል እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

"እንግዲያ እንደምን ከረምክ ወንድሜ" አለ አባቴ በመጨረሻ፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከአባቴ ሰምቼ አላውቅም።

"ደህና ነኝ! ላም ይዤ መጥቻለሁ! ቀይ ናት!"

"በዚህ ፀሐይ? የት አሰራችኋት?"

"አጥር ጋ ናት!"

"በል ጥላ ሥር አስገባት" አለ አባቴ። "ውሃም ስጧት። እኔ ነገ በጠዋት ተነስቼ እመጣለሁ።"